እንግዳው ሲመዘን

በዚያች ከተማ ደሃ ነኝ ማለት ክልክል አልነበረም፤ ክልክሉ ማመን ነበር። አንድ ሰው ደሃ ነኝ ሲል የሰማ ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ነበረበት። ሳይነቀንቅ ያለፈ ሰው እንደ ተላላ ስለሚቆጠር ከጊዜ ብዛት ሁላችንም ለምደነው ነበር። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በእህቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ በምጠብቅበት ጊዜ ከማንም ባላነሰ እነቀንቅ ነበር።

እህቴ ዘርትሁን ማኅተም አጣቢ ናት። በከተማችን ቢሮ ይበዛል፤ ቢሮ በበዛ ቁጥር ማኅተሙ ይበዛል፤ ማኅተም ደግሞ ቶሎ ቶሎ በቀለም ይደፈናል። እሷ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፊደል በፊደል እየፈለፈለች ታጸዳለች። ጣቶቿ ታጥበው የማይለቅ ወይን ጠጅ ቀለም ይዘዋል። ባሏ የነበረው አያልነህ ወረፋ ቋሚ ነው። ጊዜ የሌላቸውን ሰዎች ተክቶ በየቢሮው ደጃፍ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ባለጉዳዩን ጠርቶ ቦታውን ይለቅለታል። ሁለቱም በቢሮ ነው የሚተዳደሩት፤ ሁለቱም ግን ቢሮ ውስጥ ገብተው ተቀምጠው አያውቁም።

የተፋቱበትን ምክንያት ለየብቻ ነግረውኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ማስተዋል የምትባል አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ቀረች፤ እሑድ እሑድ ወደ አባቷ ትሄዳለች። የቀረው ቀለቡ ነበር።

እህቴ በየወሩ ሁለት ቁና ዱቄትና አንድ ጠርሙስ ዘይት ጠየቀች። አያልነህ አንድ ቁና እችላለሁ አለ። አጥር ተደግፈው ነበር የሚነጋገሩት፤ ትንሽ ቢቆዩ ይስማሙ እንደነበር አሁን አስባለሁ። ነገር ግን በአገሩ ሕግ የተፋቱ ሰዎች ስምምነት ሚዛን ቤት ሳይቀርብ አይጸናም። ስለዚህ ቀረቡ። እኔም ማስተዋልን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ።

የሚዛን ቤቱ አለቃ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ሰው የማይቆጣ፣ ሲያዩት ደግ የሚመስል ሰው ነበር።

"ስንት ነው የምትፈልጊው?" አላት።

"ሁለት ቁና ዱቄትና አንድ ጠርሙስ ዘይት፣ ጌታዬ።"

"አንተስ?"

"አንድ ቁና እችላለሁ።"

አለቃው ወደ ጸሐፊው ዞረ። "አንድ እችላለሁ ያለ ሰው ስንት ደብቋል?"

"ሦስት" አለ ጸሐፊው፣ ቀና ሳይል።

"ሁለት ያስፈልገኛል ያለችስ?"

"ምንም አያስፈልጋትም።"

"እንግዲህ ይታያል" አለ አለቃው፤ "እንግዳ ይመደብላቸው።"

የእንግዳው ነገር እንዲህ ነው። በዚያ አገር የሰው ገቢ የሚታወቀው በደሞዙ አይደለም፤ ደሞዝ ሊደበቅ ይችላል። ሚዛን ቤቱ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ እንግዳ ይመድባል። እንግዳው ሲገባ ይመዘናል፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ወር ይከርማል፤ የቀረበለትን ይበላል፤ ሲወጣ ደግሞ ይመዘናል። ከወፈረ ቤቱ ሀብታም ነው። ከከሳ ደሃ ነው። ሚዛኑ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ሳንቃ ሲሆን በወዲያኛው ጎኑ የወንዝ ድንጋይ ይደረደርበታል። እንግዶቹን ሲመርጡ ቀጫጭኖችን ነው፤ ለውጡ በግልጽ እንዲታይ።

ለእኛ የተመደቡት ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። ለአያልነህ ደግሞ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዘንቢላቸውን ይዘው መጡና ጥግ ያዙ። እህቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

"ምን እናቅርብላቸው?"

"የምንበላውን።"

"የምንበላውማ ሽሮ ነው።"

"እሱን ነዋ! ሽሮ ከበሉ ይከሳሉ፤ ከከሱ መቸገራችን ይታወቃል፤ ያኔ ሁለቱ ቁና ይፈረድልሻል።"

"እንግዳ ፊት ባዶ ሽሮ?"

"ሊመዝኑን የመጡ ናቸው እኮ!"

"ቢመዝኑም እንግዳ ናቸው። ምን ይሉኛል?"

"ማን ምን ይልሻል?"

"እሳቸው ራሳቸው" አለችና መቀነቷን አጥብቃ ወደ ሱቅ ወጣች። በዱቤ እንቁላልና ቅቤ ይዛ ተመለሰች።

ገበታው ሲቀርብ እሷ ራሷ አላወቀችም መሰለኝ፤ አፏ ብቻውን ሄደ። "ይብሉ እንጂ፣ ምነው! አልጣፈጠዎትም? በሞቴ!"

"ኧረ በቃኝ ልጄ። እኔ እኮ ለሥራ ነው የመጣሁት።"

"ሥራም ቢሆን በባዶ ሆድ አይሠራም። ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን!"

"እንግዲህ ካልሽ" ይላሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አፋቸውን ለጉርሻው እየከፈቱ።

ክፉ ሴት አልነበሩም። ሲበሉ የሚያወሩት ስለ ሥራቸው ነበር። "አምና ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ተመድቤ" አሉን አንድ ቀን፤ "ወሩን ሙሉ የገብስ ውሃ። ጌትየው በር ላይ ቆሞ 'ይቅርታ ያድርጉልን፣ አጥተን ነው' ይለኛል። እንጨት ሆኜ ወጣሁ። ሰውየው ምስኪን ተባለና የልጁ ቀለብ ተነሣለት።" ትንሽ አሰቡና፣ "እኔ የምወፍረው እንደናንተ ያለ ቤት ስመደብ ነው" አሉ።

እህቴ ይህን ሰምታ የባሰ አፈረች። በማግስቱ ሥጋ ገዛች።

እኔና እሷ ጓዳ ውስጥ የተረፈውን እንበላለን፤ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሽታው ነበር። ማስተዋልን እንግዳ ሲበላ ጎረቤት ሄዳ እንድትጫወት እናደርጋለን። ቀሚሷን በጎንና በጎን አንድ ጊዜ አጠበብኩላት፤ ቆይቼ ደግሞ አጠበብኩላት።

ወሩ ሲጋመስ አቶ ጓንጉል ገበያ ውስጥ ቀበቷቸውን ፈታ አድርገው ሲሄዱ ታዩ የሚል ወሬ መጣ። እህቴ ማኅተም ስትፈልፍል ነበር። ብሩሹን አስቀመጠችው።

"ፈታ አድርገው?"

"እንደዚያ አሉ።"

"አየሽልኝ? አንድ ቁና ነው የምችለው ብሎኝ! ይኸው ሽማግሌ ያደልባል።" ወዲያው ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሂጂ እስቲ እዪልኝ። ልጅቷ ሹራቧን ረስታ ነው በይ።"

ሄድኩ። አያልነህ የሚኖረው ከገበያው በስተጀርባ በአንዲት ክፍል ነው። አቶ ጓንጉል አልጋው ላይ ተቀምጠው ዶሮ ይበላሉ። አያልነህ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። የወረፋ ቋሚ መቀመጫ የሆነችው ተጣጣፊ ዱካው በቦታዋ የለችም።

"ዱካህስ?" አልኩት።

"ለጥገና ሰጥቻታለሁ።" ከዚያ ወደ ደጅ ይዞኝ ወጣ። "ውቢት፣ እውነቱን ንገሪኝ። እናንተ ጋ የተመደበችው ሴትዮ ጉንጭ አውጥታለች ይባላል። ማነው የሚያስገባላችሁ?"

"ማንም የለም።"

"ቅቤ ከየት መጣ? ባለፈው እሑድ ልጅቷ ፀጉሯ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።"

"አንተስ ዶሮ ከየት መጣ?"

"እንግዳ ነዋ!" አለ፤ ይህን እንዴት ትጠይቂኛለሽ በሚል ድምፅ። "አንቺስ ትበያለሽ?"

"በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩ። እሱም በልቻለሁ አለ። ሁለታችንም አፋችን ደርቆ እየተያየን ቆምን፤ ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ተመልሼ ያየሁትን ስነግራት እህቴ ስለ ዱካው ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። "ስትመጪ አይቶሽ ነው የደበቃት።"

"ግድግዳ ተደግፎ እኮ ነው የቆመው።"

"ያውቅበታል መቆም። ሥራው አይደል?"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከፋ። እህቴ ጠዋት ጠዋት ጣሪያ ላይ እየወጣች የሱን ሰፈር ጭስ ታያለች፤ ከወፈረ ወጥ ነው ትላለች፣ ከቀጠነ ደግሞ ሆን ብሎ ነው ትላለች። እሱ በበኩሉ በጓሯችን በኩል እያለፈ የቆሻሻ ክምራችንን በዱላ ሲጎረጉር ሁለት ጊዜ ደረስኩበት። እሑድ ሲደርስ አባት "እማዬ ቤት ምን በላሽ?" ይላል፤ ማታ ስትመለስ እናት "አባዬ ቤት ምን በላሽ?" ትላለች። ማስተዋል ለሁለቱም "ረሳሁት" ማለት ጀመረች። ለዚህም ምክንያት ተገኘላት፤ እህቴ አባቷ አስተምሯት ነው አለች።

የመመዘኛው ቀን ደረሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሳንቃው ላይ ወጡ፤ ሰንሰለቱ ጮኸ፤ በወዲያኛው በኩል ድንጋይ መጨመር አስፈለገ። አቶ ጓንጉል ወጡ፤ ለሳቸውም ድንጋይ ተጨመረ። ሁለቱ እንግዶች አፍረው ወደ መሬት ያያሉ። አለቃው ግን ሥራው እንደሠመረለት ሰው ደስ ብሎት ፍርዱን ሰጠ።

"ሰውየው ሀብታም ነው፤ በየወሩ አራት ቁና ይክፈል። ሴትየዋም ሀብታም ናት፤ ምንም አያስፈልጋትም።"

"ጌታዬ" አለች እህቴ፣ "አራቱ ቁና ታዲያ ለማን ነው?"

"ለሚዛን ቤቱ እንግዶች። በየሰው ቤት እየዞሩ መብላት ቀላል ሥራ መሰለሽ?"

አያልነህ ፊቱ አመድ ሆነ። አራት ቁና እንኳን ሊከፍል፣ በአንድ ላይ ተቀምጦ አይቶም አያውቅም። ጸሐፊው ግን ደንቡን ማንበብ ግዴታው ስለነበረ አነበበ። ፍርዱ የሚሻረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አንደኛው ወገን ሌላው ደሃ ነው ብሎ ሲመሰክር። ስለ ራስ መመስከር አይቻልም። እሷ እሱ ደሃ ነው ካለች እሱ ከአራቱ ቁና ይድናል። እሱ ደግሞ እሷ ደሃ ናት ካለ የልጅቷ ቀለብ ይታሰብላታል። አስቀድሞ መመካከር ክልክል ነው። መጀመሪያ የምትናገረው አመልካቿ ናት። ደንቡ ከወጣ ጀምሮ የተጠቀመበት ሰው አልነበረም፤ እሷ መስክራለት እሱ ዝም ቢልስ? ነፃ ወጥቶ ይሄዳል፣ እሷ ባዶ እጇን ትቀራለች። በእኛ ከተማ ይህን የማያሰላ ሰው የለም።

የነጠላዋን ጫፍ ሳብኩት። "ዝም በይ" አልኳት በሹክሹክታ። "እሱ አይመሰክርልሽም።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። አለቃው መጠበቁ ስለሰለቸው ይሆናል፣ ወይም በእርግጥ ደግ ስለነበረ፣ ከምሳ ዕቃው ዳቦ አውጥቶ ቆረሰና ወደ ማስተዋል ዘረጋ። "ነይ የኔ ልጅ፣ እንኪ።"

ማስተዋል ተነሥታ ሄደች። ዳቦው ፊት ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ዳቦውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር።

"ጠግቤያለሁ" አለች፤ "እግዜር ይስጥልኝ።"

"ጻፍ!" አለ አለቃው ተደስቶ። "ልጅቷ ጠግባለች። ከሁለት የጥጋብ ቤት የወጣች ልጅ!"

አያልነህ ወደ እህቴ ዞረ። ሚዛን ቤት ከቀረቡ ወዲህ በቀጥታ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። "አንቺ ነሽ እንዲህ በይ ያልሻት?"

"ለወይዘሮ ደብሪቱ" አለች፤ "ነይ ብዪ ሲሏት እንዳታሳፍረኝ ብዬ። አንተ ቤትማ ትበላለች ብዬ ነበር።"

"እኔም ለአቶ ጓንጉል ብዬ ነው እንደዚያ በይ ያልኳት። አንቺ ጋ ትበላለች ብዬ።"

"መመካከር ክልክል ነው!" አለ ጸሐፊው።

እህቴ ተነሣች። ወይን ጠጅ ጣቶቿን በነጠላዋ ሸፈነች። "ደሃ ነው" አለች።

አለቃው ራሱን ነቀነቀ። "እንግዳው እኮ ወፍሯል።"

"ስለወፈሩ ነዋ! ይሄ ሰውዬ እንግዳ ሲመጣበት ጫማውን አውልቆ የሚሸጥ ሰው ነው። የተቀመጠባትን ዱካ ሸጦ ነው ዶሮ የገዛው። ከፈታሁበት ምክንያት ግማሹ ይሄ አይደለም እንዴ? ቤቴን በእንግዳ ጨረሰው!" ድምፅዋ ከፍ አለና መልሶ ወረደ። "ደሃ ነው። ምንም የለውም።"

ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። ከዚህ በኋላ አያልነህ ነፃ ነው። አፉን ሳይከፍት ወጥቶ ቢሄድ የሚይዘው የለም። እሱም እንደማንኛችን ያሰላ ነበር፤ ዓይኑ ከእሷ ወደ አለቃው፣ ከአለቃው ወደ በሩ ሲሄድ አየሁት። ይቺ ሴት ለምን መሰከረችልኝ? ምን ወጥመድ አለበት? ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። በሩ ደግሞ ክፍት ነበር።

"ተናገር ወይም ሂድ" አለው ጸሐፊው።

"እሷም ደሃ ናት" አለ አያልነህ።

"በምን አወቅህ?"

"እንቁላሉ የዱቤ ነው። ቅርፊቱን ቆሻሻቸው ውስጥ አግኝቼ ማን ገዛላት ብዬ ባለሱቁ ድረስ ሄጃለሁ። ማንም አልገዛላትም። ቅቤውም ዱቤ ነው፣ ሥጋውም ዱቤ ነው። ባለሱቁ እንዲያውም እኔን ሊያስከፍለኝ ነበር።"

ወይዘሮ ደብሪቱ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አለቃው ግን ግራ ተጋባ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ከጸሐፊው ጋር ግንባር ለግንባር ገጥመው ብዙ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ቀና አለ፤ ደግነቱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

"እንዲህ የምትተማመኑ ከሆነ ለምን ተፋታችሁ?"

አያልነህ ወደ እህቴ አየ፤ እህቴ ወደ ማስተዋል አየች።

"ያው ነው" አለ አለቃው። "የተፋታ ሰው አይመሰካከርም። የተመሰካከረ ሰው አልተፋታም። ፍቺው የውሸት ነው፤ ሚዛን ቤቱን ለማታለል የተደረገ ነው። ስለዚህ ፈርሷል። ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት ናችሁ። ባልና ሚስት ደግሞ ቀለብ አይጠያየቁም። ጉዳዩ ተዘግቷል።"

እንዲህ ሆኖ እህቴ ሳታስበው አግብታ ወጣች።

ደጅ ላይ ቆሙ። ማስተዋል እኔ እጅ ላይ ተንጠልጥላ ማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት ታያለች።

"አንድ ተኩል" አለ አያልነህ፣ ወደ መንገዱ እያየ። "አንድ ተኩል ቁና አደርገዋለሁ።"

እህቴ ጠረጠረችው። "ለምን አንድ ተኩል? አንድ አልነበር ያልከው?"

"እንግዲህ መስክረሽልኛል ብዬ ነው።"

"አሁን ደግሞ ለኔ ልታፍርልኝ ነው?" አለች። "አንድ ተኩል ብለህ በሁለተኛው ወር ትጠፋለህ። አንድ አምጣ። ግን በየወሩ። ዘይቱ ሲኖርህ ይሁን።"

"ክረምት ላይ ወረፋ ይቀንሳል። ሰው በዝናብ አይሰለፍም።"

"ሲቀንስ መጥተህ ንገረኝ። ከሰው እንዳልሰማው። ጣሪያ ላይ እንዳታወጣኝ።"

"ጣሪያ ላይ?"

"ተወው" አለች።

አያልነህ በወሩ መጀመሪያ ዱቄቱን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። በሩን አንኳኳ፤ እህቴ ከፈተች፤ ደፉ ላይ ቆመች። ግባ አላለችውም። በከተማችን በር ላይ የመጣን ሰው ግባ አለማለት ከስድብ ይከፋል፤ ጎረቤቶች በየመስኮታቸው ወጡ። አንዷ "ኧረ ባሏን ደጅ አቆመችው!" ስትል ሰማናት። እህቴ ቁናዋን አምጥታ እዚያው ፊት ለፊቱ ሰፈረች። ልክ ነበር። እሱም ቢሆን ወዲያው አልሄደም፤ ማስተዋል በእጇ ቂጣ ይዛ ወጥታ እሱ ፊት እስክትበላ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። እሱ አላመናትም ነበር፤ እሷም አላመነችውም ነበር። ከዚያ ሄደ።

"ቢያንስ ውሃ ብትሰጪው ምናለ?" አልኳት እኔ፤ ጎረቤቱ አሳፍሮኝ።

"ውሃ ከሰጠሁት ይቀመጣል" አለች። "ከተቀመጠ እንግዳ ነው። እንግዳ ከሆነ አቀርብለታለሁ፤ በሞቴ ብዬ የልጅቷን ዱቄት መልሼ አበላዋለሁ። ራሴን አላውቀውም መሰለሽ?"

በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ዝናብ ነበር። ዱቄቱን ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ ራሱ ግን እስከ አጥንቱ ርሶ ደፉ ላይ ቆመ። እህቴ ዱቄቱን ተቀበለችው፤ ደረቅ ነበር። ከፀጉሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ ምድጃው ዞር አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ግባ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እኔም አየሁት፣ እሱም አየው።

አያልነህ ቶሎ ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

"ልክ ነው?" አላት ከዚያ ሆኖ፣ እጁን ከግንባሩ በላይ ይዞ።

"ልክ ነው" አለችና በሩን ዘጋችው።